ሳማ የነጨው ፊት

ረሃብ አያሳፍርም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ወይ ተርቦ አያውቅም፣ ወይ ሲራብ የሚያየው ጎረቤት አልነበረውም። ደግሞም እንደታዘብኩት ሰው የተራበበትን ቀን አይደብቅም፤ ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ እንደ ጀብዱ ያወራዋል። «ሁለት ቀን እህል በአፌ ሳይዞር!» ብሎ ሲጀምር ድምፁ ሳይቀር ይጎረንናል። የሚደብቀው በተራበ ቀን የበላውን ነው። ሆድ ከሀገር ይሰፋል የሚባለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የበላሁት ሳማ ነው።

ይኸው፣ ተናገርኩት። ሁለት ፊደል ናት። እሷን ላለመናገር ግን ዕድሜዬን ከሞላ ጎደል ጨርሻለሁ። ዛሬማ ሳማ ተከብሯል፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ከሻይ ቅጠል ጎን ይሸጣል። ለደም ነው፣ ለወገብ ነው፣ ለስኳር ነው ይባልለታል። አምና አንዲት ወጣት ባለ ሱቅ «እማማ፣ ሳማ ቀምሰው ያውቃሉ?» ብላ ብትጠይቀኝ ፊቴን ወደ ሳሙናው አዙሬ «ስሙን ሰምቻለሁ» አልኳት። ዓይን አፋር ነኝ። አስተማሪ የሆንኩት እንኳ ሕፃናት አያሳፍሩም ብዬ ነበር። ሕፃናትን የማያውቅ ሰው የሚያስበው ነገር ነው።

ታሪኩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ አገሩን ባጠወለገበት ክረምት። ከሌላ ሰፈር ተዛውሬ መርካቶ መጥቼ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ በሚገኝ አንድ ግቢ እትዬ ድንቄ የሚባሉ ሴት ቤት በደባልነት ገብቻለሁ። እትዬ ድንቄ የግቢው ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍም ጭምር ነበሩ። ሁሉም «ቲቸር» ይለኛል። አሁን ቲቸር መባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቲቸር አትራብም፣ አትበደርም፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ አትጋፋም። እንዲህ ያለ ማዕረግ የሚሰጡህ ሰዎች ራትህን አብረው ቢሰጡህ ምን ነበረበት?

የረሃቤ ምክንያት ድርቁ ብቻ አልነበረም። መሸኛ የምትባል ወረቀት ነበረች። የድሮው ቀበሌዬ መሸኛዬን እስኪልክ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበኝም፤ ካልተመዘገብኩ የራሽን ካርድ የለም፤ ካርድ ከሌለ የኅብረት ሱቅ በር ለእኔ ግድግዳ ነው። ሊቀመንበሩን በተመላለስኩ ቁጥር «ጓድ፣ አንቺ እኮ በወረቀት ገና አልመጣሽም» ይለኛል። ሆዴ ግን በአካል መጥቷል። ከእህል በረንዳ ጀርባ ተኝቶ መራብ ወንዝ ዳር ቆሞ እንደመጠማት ነው ብዬ እንዳልፎክር፣ ያን ክረምት ወንዙም ራሱ ደርቆ ነበር። ጤፉ ኬላ ላይ ታግዶ፣ ነጋዴው በባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርር ነበር።

ከግቢያችን ጥግ አንድ የታሸገ ቤት ነበረ። ባለቤቱን በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ማለዳ ወሰዱት። ሚስቱና ልጆቹ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። በሩ ላይ የተለጠፈውን የቀበሌ ወረቀት ዝናብ አጥቦት ማኅተሙ ብቻ እንደ ጠባሳ ቀርቷል። ሰው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል። እኔ ግን ዓይን አፋር ስለሆንኩ አንገቴን እደፋለሁ እንጂ አላዞርም፤ ስለዚህ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሥር ያለውን አየሁ። ሳማ ሰው ኖሮበት የተወውን መሬት ይወዳል። ያ ጓሮ እስከ ወገብ ድረስ ሳማ ነበር።

እናቴ በልጅነቴ ሁለት ክረምት ሳማ ሠርታልን ታውቃለች፤ በሩን ዘግታ። ለጋ ለጋውን ጫፍ ትቀነጥሳለች፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች፣ ያን ጊዜ ቁጣው ሁሉ ይበርዳል። ከዚያ አድቅቆ ከትፎ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል ማድረግ ነው። ቀላል ሙያ ነው። ከባዱ በሩን መዝጋቱ ነው።

እናም ሰዓት እላፊው ሲያበቃ፣ የመጀመሪያው ወዛደር ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከመውጣቱ በፊት፣ እኔ የሕዝብ መምህርቷ በቆርቆሮ ቀዳዳ በእምብርክክ እገባለሁ። ለቅሜ እወጣለሁ። ቡታጋዜ ላይ ጥጄ ሳበስል እትዬ ድንቄ በመጋረጃው አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ዛሬም ጎመን?» ይላሉ። «ዛሬም ጎመን» እላለሁ። «ቲቸር መቼም የጎመን ባለ ርስት ሆነሻል!» ብለው ይሄዳሉ። እጄ ግን ዋሽቶ አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ አብጦ፣ ቀልቶ፣ እየነደደ ይውላል።

በዚህ መካከል ጋሼ ታፈሰ የሚባሉ ሰው አሉ። ከእኛ ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ፣ እህል በረንዳ የተቀደደ ጆንያ እየሰፉ የሚያድሩ፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ጎልማሳ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ አስካለ በርበሬ በረንዳ ቸርቻሪ ናቸው። ጋሼ ታፈሰ ሰላምታ የማይሰጡ፣ ሲሰጧቸውም ሳል ብቻ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። የጆንያ ብናኝ ሳንባቸውን በልቶት ነበርና ሳሉ እውነተኛ ነው፤ ሰላምታ መንሳቱ ግን የራሳቸው ነው። ቀበሌ አስገድዷቸው ማታ ማታ የማስተምረው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ይመጣሉ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሀሁን ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን ድምፅ አውጥተው አላነበቡልኝም።

አንድ ማለዳ ከቀዳዳው ስወጣ ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ፊታቸውን ሲታጠቡ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ላስቲኬን አዩ። እጄን አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ጊዜ ሳሉና «ሳማ በባዶ እጅ?» ብለው ፊታቸውን መታጠባቸውን ቀጠሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ ቀሩ። እትዬ ድንቄ ጭምር ተማሪ ስለነበሩ በር ላይ ሆነው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ (ነጠላ ለማስተካከል ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም) ጋሼ ታፈሰ ከኮታቸው ሥር የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ከደብተሮቹ ሥር ሸጎጡልኝና፣ በሩ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ለጠመኔው ነው። ጠመኔ እጅ ያደርቃል፣ ቲቸር» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ብፈታው ጓንት ነው። ከጆንያ የተቆረጠ፣ ውስጡ በአሮጌ አቡጀዲ የተለበጠ፣ እስከ ክርን የሚደርስ ጥንድ ጓንት። ስፌቱን ብታዩት! ሁለት ረጅም አንድ አጭር፣ ሁለት ረጅም አንድ አጭር፤ ወታደር የሚሰለፍ ይመስላል። አላመሰገንኳቸውም። አፈርኩ። በሚቀጥለው ቀን ስነሣ አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ሲስሉ ስሰማ መልሼ እቀመጣለሁ።

በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ ጋሼ ታፈሰ ሞቱ። ማለዳ የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሳላመሰግናቸው የቀረሁት ትዝ አለኝ፤ ትዝ ብቻ አለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ አላለቀስኩም። ቀብሩ በዚያው ቀን ሆነ። በማግስቱ ለሐዘንተኛው ቤት ምሳ የማምጣት ተራ የእኛ ግቢ ነበር። እትዬ ድንቄ ድልድሉን አወጡ፤ «ሽሮው ከእገሊት፣ እንጀራው ከእኔ፣ ጎመኑ ከቲቸር። ለእሷ መቼም ጎመን አያንሳት፣ በየቀኑ ነው የምትቀቅለው!»

እንግዲህ ይህን ፍረዱ። ውሸት እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድረስ ተሸክመሽኝ ሂጂ ይላል። ጎመን የለኝም ብል፣ ታዲያ በየቀኑ የምትቀቅዪው ምንድን ነው? ልባል ነው።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ማለዳ የሟቹን ጓንት አጥልቄ ለሟቹ ለቅሶ ሳማ ልለቅም ገባሁ። ለብዙ ሰው ስለሆነ ዳር ዳሩ አልበቃኝ ብሎ ወደ መሐል ዘለቅሁ። ከታሸገው ቤት ደጃፍ ላይ አንድ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ አለ፤ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ረገጥኩት። እሱም ረገጠኝ። በፊቴ ተደፋሁ።

በፊቱ ሳማ ላይ የወደቀ ሰው ካለ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን መንገር አይቻልም። ጉንጬ፣ ግንባሬ፣ የዓይኔ ቆብ፣ ከንፈሬ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነደደ። እጄ ግን በጓንቱ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል። ልጮኽ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በታሸገ ቤት ውስጥ አይጮኽም። በዚያ ዘመን ይህን ትልቁም ትንሹም ያውቅ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ወጡን ስሠራ አላስችል ብሎኝ ፊቴን አከክሁት። አሁንም አከክሁት። እኩለ ቀን ሲሆን ከግንባሬ እስከ አገጬ የጥፍሬ ፈለግ እንደ እርሻ ትልም ተሰምሮ፣ ዓይኔ አብጦ ጠብቦ፣ ከንፈሬ ተንጠልጥሎ ነበር። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩና ድስቴን ይዤ ድንኳኑ ገባሁ።

ድንኳኑ ጭጭ አለ።

መጀመሪያ የገባኝ ሳማው ታወቀብኝ የሚል ነበር። አይደለም። ሴቶቹ አንዴ እኔን፣ አንዴ እትዬ አስካለን ያያሉ። እትዬ አስካለ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እንደ ታጠበ ሳሕን ንጹሕ ነው። አላለቀሱም፣ አልነጩም። የሚስቱ ፊት እንዲህ ሆኖ የባዕዷ ፊት እንደዚያ ሲሆን፣ የእኛ አገር ሰው ሌላ ምን ብሎ ይተርጉመው? ሐዘን የጸናበት ፊቱን ይነጫል፤ ፊቷ ተነጭቷል፤ ስለዚህ ሐዘን ጸንቶባታል። በዚህ ላይ እትዬ ድንቄ እጄን ገልብጠው አገላብጠው አዩና ለጎረቤታቸው «እጇ እኮ ደህና ነው፤ በገዛ ጥፍሯ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እጄ እንደ ወትሮው አብጦ ቢሆን ኖሮ የሆነ ነገር ለከፋት ይሉ ነበር። ጓንቱ አዳነኝ፤ አድኖም ገደለኝ።

ይባስ ብለው አልቃሿ ሴትዮ ወደ እኔ ዞር ብለው ቃጭል በመሰለ ድምፃቸው፦

«ጆንያ ስትሰፋ ኖረህ በመርፌህ፣
የሰው ፊት ተቀዶ ቀረ በማረፍህ»

አሉ። ድንኳኑ በእንባ ታጠበ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ከሕመሙና ከሐፍረቱ የትኛው እንዳስለቀሰኝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እንባዬ ጠብ ባለ ቁጥር ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምሳ ሲቀርብም ጎመኑ ተሞገሰ። «እጅ ያስቆረጥማል!» አሉ። «ለሚወዱት ሲሠሩ እኮ ይጣፍጣል» አሉ ሌላዋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን እኔ ጆሮ እስኪደርስ ከፍ አድርገው።

አንድ ሰው ብቻ አወቀ። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ፣ በዚያ ዓመት ልጆች በመንገድ ቀብረው ከወሎ በእግራቸው የመጡ፣ እህል በረንዳ የፈሰሰ ጥራጥሬ ለቅመው እያበጠሩ የሚያድሩ ሴት ነበሩ። አንድ ጉርሻ ጎረሱና ማላመጣቸውን አቆሙ። አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ደፍተው ያለ አንድ ቃል ሳሕናቸውን ጨረሱ። በማግስቱ ቧንቧው ጋ «ልጄ፣ ልንገራቸው? አንድ ቃል እኮ ነው» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው፤ ቲቸር ሳማ ትበላለች፣ ለቅሶ ቤት ሳማ አበላች፣ የታሸገ ቤት ገባች፣ የትኛውን ነው የምችለው? «ለእኔም መልካም» አሉ፤ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ ቢሉኝስ? ምን ብዬ አወቅሁት ልል?» ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መንገዳቸውም ስለ ቀበሯቸውም ልጆች አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ሁለታችንም ጎመን በላን።

ወሬው ግን ሥራውን ሠራ። ማስረጃ ሞላ! ከኋላ ወንበር ለምን ይቀመጥ ነበር? አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? በዚያ ዕድሜው ሀሁ ለምን አስፈለገው? (ያልሄደ በቀበሌ እንደሚቀጣ ሁሉም ረሳ።) በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው ይባል የነበረ አንድ የሒሳብ መምህር በር ላይ ጠብቆ «እውነት ነው?» አለኝ። ጫማዬን አየሁ። «ዝምታሽ መልስ ነው» አለ። የሒሳብ ሰው ነውና ደመረ። ደህና ሰው ነበር፤ ሌላ አገባ። ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት አለን። እህል በረንዳ አጠገብ የኖረ ሰው ይህን አይተርትም፤ የማይነቅዝ ነገር የለም።

እትዬ አስካለስ? ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ! አልሰደቡኝም። በሠልስቱ፣ በአርባው፣ በተዝካሩ፣ ከዚያም በየሙት ዓመቱ ሰው በተሰበሰበበት እጃቸውን ይዘረጉና «ነይ፣ ከጎኔ ሁኚ። አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ» ይሉኛል። ሄጄ እቀመጣለሁ። ለአንድ ቀን ሰላም ብለውኝ ለማያውቁ ሰው ሁለተኛ መበለት ሆኜ ኖርኩ። ማግባት ያቃተኝ ሴት ያለ ሠርግ መበለት ሆንኩ ስላችሁ አትሳቁ፤ ወይም ሳቁ፣ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

መንግሥት ተለወጠ። የታሸገው ቤት ተከፍቶ መጋዘን ሆነ። እትዬ ዘይነባም እትዬ ድንቄም ሄዱ። ግቢያችን ሊፈርስ ነው በተባለበት ሰሞን ዕቃዬን ስሸክፍ ከሻንጣዬ ሥር ጓንቱን አገኘሁት። ብል አልነካውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኩና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድፍረት ተሰምቶኝ ጓንቱን ይዤ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ።

እጃቸው በበርበሬና በእርጅና ኮስምኗል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ሁሉን ነገርኳቸው። መሸኛውን፣ ቀዳዳውን፣ የማጠቢያውን ድንጋይ፣ ጎመኑን። «እኔ ባለቤትዎን አላውቃቸውም ነበር፣ እትዬ። አንድ ቀን እጄን አይተው አዝነውልኝ ነው። ይኸው ማስረጃው» ብዬ ጓንቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከደረቴ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ መሰለኝ።

እትዬ አስካለ ጓንቱን አነሡ። በጣታቸው ስፌቱን ተከተሉት፤ ሁለት ረጅም አንድ አጭር፣ እስከ ክርኑ ድረስ፣ ደግሞ ተመልሰው። ከዚያ ወደ ውስጥ አገላብጠው አቡጀዲውን አዩት።

«ይሄ የእሱ ሸሚዝ ነው» አሉ።

አላውቅም ነበር።

«ለእኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የበርበሬ ጆንያዬን እንኳ አልሰፋልኝም። በርበሬዬ በመንገድ እየተንጠባጠበ አሥር ጊዜ ለምኜዋለሁ። ‹ሲሠራ የዋለ እጅ ቤት ውስጥ አይሠራም› ይለኝ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። በዓይናቸው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ሳማ ነው ትዪኛለሽ። እሺ፣ ይሁን፣ ሳማ ነው። ለሳማ ጓንት የሚሰፋ ሰው ግን በእኔ ቤት አልኖረም።»

«እትዬ፣ በእመቤቴ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አትማዪ» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ጥርጣሬ ነበረኝ። አሁን ገላገልሽኝ።»

ለንጽሕናዬ ምስክር ብዬ ያመጣሁት ጓንት እንዲህ ፈረደብኝ። ልነሣ ስል እጄን ያዙና አንዱን ጓንት መለሱልኝ። ሌላውን ቀኝ እጃቸው ላይ አጠለቁት፤ የተጨማደደው እጃቸው ውስጡ ጠፋ። መስኮቱን እያዩ «አንዱ ይበቃሻል» አሉኝ።

ሐኪም የደም ማነስ አለብሽ ካለኝ ወዲህ፣ ዛሬም በክረምት ሳማ እለቅማለሁ። በአንድ እጄ።